አኩሪ አተር በአራት ሰዓት

በባሕር ዳር መናኸሪያ የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ለወለተ ሩፋኤል መርስዔ ኀዘን የተመደበ ወንበር አለ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በየዓመቱም ሰኔ ላይ ቆጣሪዎች መጥተው መኖሩን አረጋግጠው ይሄዳሉ። ባለቤቲቱን ግን ተቀምጣበት አግኝተዋት አያውቁም። ማይክሮፎኑን እንደያዘች ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች፤ ሽቦው የፈቀደላትን ያህል ትሄዳለች፣ ሽቦው ሲወጠር ትመለሳለች። አንድ ቀን የስምሪት ኃላፊው ክንዱ፣ «እታለም፣ ይህን ሁሉ እርምጃ በቀጥታ መንገድ ላይ ብታውዪው ኖሮ እስካሁን ካርቱም ደርሰሽ ነበር» ቢላት፣ «አንተ ሽቦውን አስረዝምልኝና እንተያያለን» አለችው።

የተወለደችው ዘጌ ላይ፣ ቡናው ከሐይቁ ጋር በሚጎራበትበት ደን ውስጥ ነው። አባቷ መምህር መርስዔ ኀዘን የዜማ አስተማሪ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በዛፍ ጥላ ሥር ሲያዜሙ እርሷ ከአጥሩ ጀርባ ቡና ትለቅም ነበር። ሴት ልጅ ስለነበረች ያስተማራት የለም፤ ጆሮዋን የደፈነባት ሰውም አልነበረም። በዘጠኝ ዓመቷ ከተማሪዎቹ መካከል የትኛው የት ላይ እንደሚስት ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና አንዱን ሰነፍ ከአጥሩ ማዶ ሆና አረመችው። መምህሩ ወደ አጥሩ ዞር አላሉም። ለተማሪው፣ «ከአጥሩ ጀርባ ያለው ሰው ትክክል ነው» ብለው ትምህርቱን ቀጠሉ። ከአባቷ ያገኘችው ምስጋና ይኸው አንዱ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን በወንድ ጾታ የተነገረ ነበር።

ኋላ ሀዲስ ለሚባል የረጅም መንገድ ሹፌር ተዳረችና ባሕር ዳር ገባች። ሀዲስ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ስለነበር፣ በሞተ ጊዜ ጎረቤቱ ለማመን ሳምንት ፈጀበት። መናኸሪያው የሟቹን ውለታ አስቦ ባለቤቱን ግቢ ጠራጊ አድርጎ ቀጠራት። በሁለተኛው ዓመት ማስታወቂያ ነጋሪው ሳይመጣ ቀረ፤ መኪኖቹ ሞተር አስነሥተው፣ ተሳፋሪው ተደናግሮ ሳለ፣ ወለተ ሩፋኤል መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ማይክሮፎኑን አነሣች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነ።

የአጠራሯ ነገር እንደሌላው አይደለም። መሸንቲን በግዕዝ፣ ዱርቤቴን በዕዝል፣ ደልጊን በአራራይ ትጠራለች። ስሞቹ የከተማ ስሞች ናቸው፤ አወጣጣቸው ግን ከዘጌው አጥር ጀርባ የመጣ ነው። በአንድ ወቅት አንድ ዲያቆን ለአስተዳደሩ አቤት ብሎባት ነበር። ተጠርታ ስትጠየቅ፣ «እኔ የከተማ ስም ነው የጠራሁ፤ ዜማውን አባቴ ጉሮሮዬ ውስጥ ረስተውት ነው» አለች። ዲያቆኑ ራሱ የደልጊ ሰው ነበርና፣ አቤቱታውን አስገብቶ ሲወጣ የተሳፈረበትን መኪና ያገኘው በእርሷ ጥሪ መሆኑ ተነግሮት አቤቱታውን ሊያነሣ ተመለሰ። ፊደል ያልቆጠሩ ባላገሮች በመኪና ላይ የተጻፈውን አያነቡም፤ በዜማው ግን መኪናቸውን ያውቃሉ። ደልጊ ሁለት ቀለም ያላት ትንሽ ስም ናት፤ ወለተ ሩፋኤል ስትጠራት ግን ከግቢው ዳር ሻይ የያዘ ሽማግሌ ሻዩን ጨርሶ፣ ከዘራውን አንሥቶ፣ «ጊ» ሳያልቅ በር ላይ ይደርሳል።

ከስምንት ዓመት በፊት አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣ። ቀዶ ሐኪሙ የድምፅ ጅማት በዚያው በኩል እንደሚያልፍ፣ ሊነካም እንደሚችል አስቀድሞ ነገራት። ከማደንዘዣው እንደነቃች ያደረገችው ነገር ቢኖር መሸንቲን፣ ዱርቤቴንና ደልጊን በተራ መጥራት ነበር፤ ነርሷ የመድኃኒቱ ስካር መስሏት አልጋውን በብረቱ አጠረችው። ድምፁ ተርፎ ነበር። የአንገቷ ዕጢ ግን ከእንቅርቱ ጋር ስለወጣ፣ እርሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ የምትሠራ ታይሮክሲን የምትባል ትንሽ ክኒን በየቀኑ እንድትውጥ ታዘዘች። በየንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ ለሰባት ዓመት ዋጠች።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላት እሳቱ መጣ። ሙቀቱ ከደረቷ ተነሥቶ በአንገቷ አድርጎ አናቷ ላይ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ አንድዶ፣ ላብ አልብሶ ይሄዳል። በቀን ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ። ሌሊቱን እየቆራረጠ እንቅልፏን ይወስዳል። አንድ ማለዳ በዱርቤቴ መካከል መጣባትና «ዱርቤ» ብላ ማይክሮፎኑን አስቀምጣ በትኬት ጥራዝ ስታራግብ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ቀሪውን ቀለም አንጋጦ ይጠብቅ ነበር።

ሐኪሙ ሆርሞን ሊያዝላት ነበር፤ እርሷ ግን ሆርሞን የሚለውን ቃል የምታውቀው ዶሮ ከሚያወፍሩበት ወሬ ስለሆነ እምቢ አለች። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደች። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ኢኽላስ ትባላለች፤ የጨርቅ ነጋዴው የሙሀመድአወል ልጅ ስትሆን፣ አባቷ ጨርቅ ሳይለካ እንደማይቆርጥ ሁሉ እርሷም ሳታነብ አትሸጥም።

«እትዬ ወለተ፣ ይህ ሕመም አይደለም» አለች ኢኽላስ። «ማረጥ ነው። ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜስ ቢሆን ማብረጃ የለውም?»

ኢኽላስ ከመደርደሪያው አንድ ዕቃ አወረደች። «ይህ ከአኩሪ አተር የተጣራ ነው። ኢሶፍላቮን የሚባል ነገር አለበት፤ ኤስትሮጅን የሚሉትን የሴት ሆርሞን ይመስላል።»

«ይመስላል ማለት?»

«ቅርጹ ይቀራረባል። በሰውነታችን ውስጥ ኤስትሮጅን የሚያርፍባቸው መቀመጫዎች አሉ፤ ይኸኛውም ሄዶ እዚያው ይቀመጣል። ኃይሉ ግን ከዋናው እጅግ ያነሰ ነው።»

«አስመሳይ ነው በይኛ።»

«እንደዚያም ማለት ይቻላል።»

ወለተ ሩፋኤል በመድኃኒት ቤቱ ውስጥም አልተቀመጠችም፤ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ወርዳ፣ የሳሙናውን መደርደሪያ ዞራ ተመለሰች። «ገባኝ። ወንበር ያዥ ነው። በማለዳ ገብቶ ወንበሩን ይዞ ይቆያል እንጂ ራሱ ደልጊ አይወርድም።»

«ልክ ነው» አለች ኢኽላስ ሳቋን ይዛ። «ብቻ እዚህ ዋናው ተሳፋሪ ተመልሶ አይመጣም።»

«ይሁን፤ ባዶ ወንበር ከማየት ይሻላል። ያበርደዋል ወይ?»

ኢኽላስ እዚህ ላይ እንደ ነጋዴ ልጅ ሳይሆን እንደ ዳኛ ተናገረች። ይረዳል፣ ግን በመጠኑ ነው፤ ፈጥኖም አይደለም፣ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ለአንዳንዷ ሴት ይሠራል፣ ለሌላዋ እምብዛም፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በአንዳንድ ሰው ሆድ ውስጥ ወደ ብርቱ ነገር ይለውጡታል፣ በሌላው ሰው ሆድ ውስጥ ግን እንዳለ ይተዉታል።

«የእኔ ሆድ ከየትኛው ወገን ነው?»

«ሲወስዱት ራሱ ይናገራል።»

«ጉዳቱስ?»

«ባረጡ ሴቶች ላይ ተጠንቷል። ጡትንም ማኅፀንንም ሲጎዳ አልታየም። ጥናቶቹ ግን ረጅም ቢባሉ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ናቸው፤ ለዕድሜ ልክ የመሰከረ የለም። በእርስዎ ላይ ወይም በእናትዎ፣ በእህትዎ ላይ የጡት ካንሰር ታይቷል?»

«የለም።»

«ካረጡ ወዲህ ደም አይተዋል?»

«የለም፣ ልጄ። ላብ ብቻ ነው።»

«የእንቅርቱን ክኒን ይወስዳሉ አይደል? እንግዲያው ከእርሱ ጋር አራት ሰዓት...»

ይህን ጊዜ የጎንደሩ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ቀሪውን ዓረፍተ ነገር ይዞት ሄደ። ከወለተ ሩፋኤል ኋላ አምስት ሰው ተሰልፎ ነበርና ኢኽላስ ነገሩን አልደገመችውም፤ በምትኩ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ፣ «ከታይሮክሲን ጋር፦ 4 ሰዓት» ብላ ጻፈችና ሰጠቻት።

ለወለተ ሩፋኤል ሰዓት ማለት መኪና የሚወጣበት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ደልጊ ነው፣ አንድ ሰዓት ዱርቤቴ ነው፣ አራት ሰዓት ደግሞ የጠዋቱ ስምሪት አልቆ ቁርስ የሚበላበት ነው። ሐሳቡ ጥሩ መሰላት። ሰባት ዓመት ሙሉ በንጋት የዋጠቻትን ክኒን ወደ አራት ሰዓት አዛወረች። አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱን ዕቃ ጎን ለጎን አቁማ፣ ከሽሮ ፍርፍሩ በኋላ፣ ከሻዩ ጋር፣ አንዱን ከአንዱ አስከትላ ትውጣለች። አንድ ደቂቃ አታሳልፍም። ክንዱ ሰዓቱን በእርሷ ጉሮሮ ማስተካከል ጀመረ።

ይህ የሆነው በጥቅምት ነው። በታኅሣሥ እሳቱ ቀለለ፤ በቀን ከዘጠኝ ወደ አምስት፣ አንዳንድ ቀንም ወደ አራት ወረደ። «አኩሪ አተር ስሙን አላሳፈረም» እያለች ለሴት ትኬት ቆራጮች ሰበከች፤ ሁለቱን አሳመነቻቸው፤ አንደኛዋ ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።

በጥር ሌላ ነገር መጣ። ይበርዳት ጀመር። ባሕር ዳር ላይ በየካቲት ፀሐይ ሹራብ ደርባ ስትታይ ተራ አስከባሪዎቹ፣ «እትዬ፣ ደብረ ታቦር ነው ወይስ እዚህ ነው ያሉት?» ይሏታል። ፊቷ አበጥ አበጥ አለ። ሰውነቷ ከበደ፤ መንፈሷ ግን መቀመጥን አሁንም አላወቀም ነበርና ነገሩ አሳዛኝም አስቂኝም ሆነ። ሐሳቧ በር ላይ ሲደርስ እግሯ ገና መስኮቱ ጋ ነው። ከሁሉ የከፋው ድምጿ ነው። ወፈረ፣ ሻከረ፣ ወረደ። መሸንቲ ደኅና ናት፤ ዱርቤቴም እየጎተተች ትወጣለች። ደልጊ ግን ከአራራዩ ጫፍ ላይ ስትደርስ እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ትሆናለች። አንድ ማለዳ የደልጊ ተሳፋሪዎች ግማሹ የዱርቤቴ መኪና ውስጥ ገብተው ተገኙ።

«ጉንፋን ነው» አለች።

«ሁለት ወር ሙሉ?» አለ ክንዱ።

«ጉንፋኑም እንደ እኔ የሥራ ሰው ነው። ፈቃድ አይወጣም።»

መጋቢት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ክንዱ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ማስታወቂያ ክፍሉ ወጣ። ክንዱ ኮፍያውን የሚያወልቀው ለቀብርና ለመጥፎ ወሬ ነው።

«ማሽን ሊያመጡ ነው» አላት። «የከተሞቹ ስም አንድ ጊዜ ይቀዳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ ራሱ ይጠራል።»

«የማን ድምፅ ነው የሚቀዳው?»

«ያንቺ እንዲሆን ተከራከርሁ። ሥራ አስኪያጁ እሺ ብሏል። ባለሙያው ሚያዝያ አሥራ ስምንት ከአዲስ አበባ ይመጣል። ግን...» ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «ድምፅሽ ለቅጂ የማይሆን ከሆነ፣ የተዘጋጀ የአንዲት ልጅ ድምፅ አላቸው። አንቺን ወደ ዕቃ ክፍል ያዛውሩሻል።»

«የልጅቷን ድምፅ ሰምተኸዋል?»

ክንዱ ስልኩን አወጣ። ከስልኩ ውስጥ ንጹሕ፣ የተማረ፣ ምንም የማይጎድለው የሴት ድምፅ፣ «ዱር፣ ቤቴ» አለ።

ወለተ ሩፋኤል ለመጀመሪያ ጊዜ እርምጃዋን ገታች። «ምን አለች?»

«ዱርቤቴ ማለቷ ነው።»

«ይህች ልጅ የከተማ ስም እየጠራች አይደለም፤ ሸፍታለች። ዱር ቤቴ ብላ ጫካ ገብታለች። ይህን ሰምቶ ማን ይሳፈራል?»

ዕቃ ክፍሉን ታውቀዋለች፤ ጠባብ ነው፤ ሦስት እርምጃ አያስኬድም። ከጠባብነቱ በላይ ግን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ከአጥር ጀርባ ወጥታ ስሟን ያስጠራችበት ነገር በሕይወቷ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ይኸው ድምፅ ነው። ቢላዋ ያልነካውን ድምፅ ምን ነካው? አሰበች፣ ቆጠረች፣ ወደ ኋላ ሄደች። በጥቅምት ምን አዲስ ነገር ወደ አፏ ገባ? አንድ ነገር ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

«አኩሪ አተርሽ አዋረደኝ» አለች ለኢኽላስ፣ ሰላምታውን ዘላ።

«እትዬ ወለተ? ድምፅዎ ምን ሆኗል?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ እንጂ። አስመሳይ ነው ብዬሽ ነበር። ወንበር ያዡ ከሴትነቱ ወንበር ተነሥቶ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ጉዳት የለውም አላልሽኝም?»

ኢኽላስ አልተቆጣችም። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥታ ፊቷን አየች፣ እጇን ነካች፤ እጇ ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። ድካሟን፣ ብርዱን፣ የሆድ ድርቀቷን አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የእንቅርቱን ክኒን እየወሰዱ ነው?» አለች።

«አንድ ቀን አላጓደልሁም።»

«መቼ ነው የሚወስዱት?»

«አንቺ እንዳዘዝሽኝ ነዋ። በአራት ሰዓት። ከአኩሪ አተሩ ጋር።»

ኢኽላስ ካርቶኑን ተቀበለች። የገዛ እጇን ጽሕፈት አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ ወንበሩ የታማሚዎች ነበር።

«እትዬ ወለተ» አለች። «እኔ ያልሁት በመካከላቸው አራት ሰዓት ይሁን፣ ይራራቁ ነው። አንድ ላይ ሲዋጡ አኩሪ አተሩ ክኒኗን ሆድ ውስጥ ይይዛታል፤ ወደ ደም በደንብ አትገባም። እርስዎ ደግሞ ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት፤ እሱም ይቀንሳታል።»

«ከ... ጋር፣ አራት ሰዓት ይላል።»

«ይላል።»

«አራት ሰዓት ደግሞ አራት ሰዓት ነው።»

«ነው» አለች ኢኽላስ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አማርኛ ለርዝመቱም ለቀጠሮውም አንድ ልብስ አልብሶ ወደ ገበያ ይልካቸዋል፤ እንደ አነጋገሩ ለይቶ ማወቅ የሰሚው ፈንታ ነው። ሰሚዋ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲባል መኪና ብቻ የሚታያት ሴት ነበረች። ወለተ ሩፋኤል ሊቆጣ የመጣው ፊቷ እየተፈታ ሄደ።

«ስድስት ወር ሙሉ» አለች፣ «አንዱን ክኒን ከሚጠላው ሰው ጋር በአንድ መኪና አሳፍሬ ነበር በይኛ። ያውም በሰዓቱ።»

ኢኽላስ ሳቀች፤ ወዲያውም ሳቋን በእጇ ሸፈነችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ተይ፣ ልጄ» አለች ወለተ ሩፋኤል። «ጥሩምባው ነው። የጎንደሩን ሹፌር እኔ አናግረዋለሁ።»

ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ለምርመራ ደም ሰጠች። የዕጢውን ሥራ የሚለካውና ክኒኗ ስታንስ የሚያሻቅበው ቁጥር፣ ከአራት ተኩል ገደማ መብለጥ ሳይገባው ሃያ ሦስት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ አልተደነቀም። አኩሪ አተሩ በራሱ መርዝ እንዳልሆነ፣ ዕጢው ጤናማ የሆነ ሰው ብዙም እንደማይጎዳበት፣ እንደ እርሷ ክኒን ላይ የተደገፈ ሰው ግን ማራራቅ እንዳለበት አስረዳት። ክኒኗ ወደ ንጋት ትመለስ፣ ካሻት አኩሪ አተሩን ከእራት ጋር ትውሰደው። ደሙ ለመስተካከል ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ ድምፁ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

«ሚያዝያ አሥራ ስምንትስ?» አለች።

ሐኪሙ የቀን መቁጠሪያውን አየ። «እስከዚያ ሃያ ቀን ነው ያለው።»

«ታዲያ ክኒኗ አትፈጥንም?»

«አትፈጥንም። መጠኑን ከፍ አድርገው ቢውጡ ደግሞ ልብዎን ነው የምታፈጥነው።»

እነዚያን ሃያ ቀናት ወለተ ሩፋኤል በእግሯ ጨረሰቻቸው። ሥራ ስትጨርስ ወደ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች፤ ከጀልባ ማቆሚያው ተነሥታ የዋንዛ ዛፎቹን ሥር ለሥር ይዛ ትሄዳለች፤ ደክሟት ትቆማለች፤ መቆሙ ያናድዳትና ደግሞ ትሄዳለች። ሰው እንደማይሰማት ስታረጋግጥ ወደ ውኃው ዞራ ደልጊን ትሞክራታለች። ደልጊ በዚያው ሐይቅ በሌላኛው ዳር ናት፤ ድምፁ ግን ታንኳ እንኳ ሳያልፍ ይወድቃል። ዓሣ የሚያጥቡ ሴቶች አንድ ቀን ሰምተዋት፣ «ማን ጠፋብሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ለምን ለሥራ አስኪያጁ አትነግሪውም?» አላት ክንዱ። «ቅጂውን አንድ ወር ያዘገየዋል።»

«ምን ብዬ? እሳት ይነድብኝ ነበር፣ አተር ዋጥሁ፣ ሰዓት ሳትሁ ልበለው? ሰዓት ጠሪ ሆኜ ሰዓት ሳትሁ ልበል?»

ክንዱ ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

ሚያዝያ አሥራ ስምንት ባለሙያው መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ግድግዳውን በብርድ ልብስ አለበሰ፣ ማይክሮፎኑን በእግር ማቆሚያ ላይ ተከለ፣ «ይቀመጡ እማማ» አለ።

«አልቀመጥም።»

«ከተንቀሳቀሱ ድምፁ ይርቃል።»

«እሞክራለሁ» አለች፤ በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ራሷን እንደ ፈረስ አሰረች።

ሠላሳ አንድ ከተማ ነበር። መሸንቲን ጠራች፤ ወፍራም፣ ሸካራ፣ ግን ቀጥ ያለች መሸንቲ ወጣች። ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። «ደስ የሚል ክብደት አለው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ድምፅዎ?»

ክንዱ ከበሩ ሥር ጉሮሮውን ጠረገ። ወለተ ሩፋኤል ወደሚቀጥለው ከተማ ስም አለፈች። ዱርቤቴም ወጣች፤ ጫካ አልገባችም። ሠላሳው በዚህ ሁኔታ አለቀ። ደልጊ ቀረች።

አንድ ጊዜ ሞከረች፣ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ሞከረች። በሦስተኛው ሳል ሆነ።

«እማማ፣ ዝቅ አድርገው ይበሉት» አለ ባለሙያው። «እንደሌሎቹ። ማንም አይለየውም።»

«ዝቅ ያለች ደልጊን የደልጊ ሰው አያውቃትም።»

«ታዲያ ለዚህች አንዷ የልጅቷን ቅጂ ላስገባ? አለኝ እኮ፣ ሰምቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው።»

ወለተ ሩፋኤል ጠረጴዛውን ለቀቀች። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች። ሠላሳ ከተማ በታመመ ድምፅ ሰጥታለች፤ ይህን ቻለችው፤ ሰው ይታመማል። ደልጊን ግን ወይ እንደ ነበረች ትሰጣለች፣ ወይ ጨርሶ አትሰጥም።

«ምንም አታስገባ» አለች። «ባዶ ተዋት።»

«ባዶ ከሆነ ማሽኑ በአሥራ ሁለት ሰዓት ምን ይላል?»

«ዝም ይላል። እኔ እጠራታለሁ።»

ባለሙያው ወደ ክንዱ ዞረ። ክንዱ ሃያ ዓመት በስምሪት የሠራ ሰው ነው፤ ነገር የሚጸናው ሲጻፍ መሆኑን ያውቃል። ኮፍያውን ጭኖ፣ መዝገቡን ገልጦ፣ ከሠላሳ አንደኛው ተራ ፊት ለፊት «በቀጥታ ድምፅ» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ሥራ አስኪያጁ ማኅተሙን ሲያይ የበላይ ትእዛዝ መስሎት ፈረመ። ባለሙያው፣ ድምፅዎ ሲሻልዎ ይደውሉልኝ፣ አንድ ቀን መጥቼ እሞላዋለሁ ብሎ ሄደ።

ማሽኑ በግንቦት ሥራ ጀመረ። ሠላሳውን ከተማ በደንብ ይጠራል፤ ብዙ ሰው፣ «ይህች ሴትዮ ብርድ መቷታል መሰለኝ፣ ለምን እረፍት አይሰጧትም?» ይላል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ግን ዝም ይላል። መጀመሪያ ሰሞን የምትጠራት ደልጊ ሻካራና አጭር ነበረች፤ ተሳፋሪዎቹ ጆሯቸውን አቅንተው ይጠብቃሉ፤ ተራ አስከባሪዎቹም በእጃቸው እያመለከቱ ይረዷት ነበር። እርሷም በየንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ክኒኗን በባዶ ሆድ ትውጣለች፤ አኩሪ አተሩን በእራት ሰዓት ትወስዳለች፤ ኢኽላስ ሁለቱን ካርቶኖች በአዲስ ጽሑፍ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ያለ አንዲት አኃዝ ጽፋላታለች። እሳቱ አልጠፋም፤ በቀን አራት ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። ሹራቡ ግን ወለቀ። በግንቦት መጨረሻ ደልጊ ግማሽ መንገድ ወጣች። በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት የደሟ ቁጥር ሦስት ሆነ፤ በማግሥቱ ጠዋት ደልጊ ከአራራዩ ጫፍ ላይ ወጥታ፣ እዚያም ትንሽ ዘግይታ፣ በቀስታ ወረደች። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሻዩን ሳይጨርስ እንደ ተነሣ ተነገረ፤ የለመደው አጭሯን ደልጊ ነበርና መሮጥ የጀመረው ቀድሞ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ደልጊ ገና ከግቢው ቆርቆሮዎች ላይ ሳትወርድ፣ የክንዱ ስልክ ጮኸ። ባለሙያው ነበር። ለሌላ ሥራ ወደ ባሕር ዳር ስለሚመጣ ያቺን አንዲት ባዶ ቦታ ሞልቶ ለመሄድ ፈልጓል። ያቺ ከሞላች ደግሞ ማይክሮፎኑ የሚይዘው ሰው አያሻውም። ክንዱ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ መስኮቱ አንጋጠጠ።

«እታለም፣ ድምፅሽ ተሻለው ወይስ አልተሻለውም?»

ወለተ ሩፋኤል ከላይ ሆና አየችው። «ምን ይመስልሃል?»

«እኔ ጆሮዬ ደኅና ነው። እሱን ምን ልበለው ነው የምልሽ።»

«አልተሻላትም በለው። ሐኪም እያያት ነው በለው። መስከረም ላይ እኔው እደውልለታለሁ።»

ክንዱ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። የታዘዘውን ቃል በቃል አደረሰ። ባለሙያው ምን እንደመለሰ ከላይ አልተሰማም፤ ክንዱ ግን ለጥቂት ጊዜ በከባድ ፊት ካዳመጠ በኋላ፣ «አዎ» አለ፣ «በጣም የሚያሳዝን ነው።»